እርጥብ፣ እንቁላል፣ ቱና ወይስ ክለብ? ከሰፈር ሳንዱች ቤት ምን እንዘዝ?

ሳንዱች ቤት ገብቶ ሜኑ ላይ የሚያፈጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ መሐሉ ነው። ቱና ይሻላል ዶሮ? እንቁላል ይጨመርበት? ቺዝ ይግባ? እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። መቼ ነው የምትበሉት? እዚያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ነው? የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ነው? ወይስ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ወጥታችሁ፣ ልጆቹን ከሜዳ ጠርታችሁ፣ ሻይ ከጣዳችሁ በኋላ? ከምጣዱ እስከ አፍ ያለው ጊዜ ሳንዱቹን ይለውጠዋል። ወዲያው ሲበላ ጣት የሚያስልሰው፣ ግማሽ ሰዓት ከቆየ እጅ ላይ ይፈርሳል።

ይህን የምጽፈው ለእኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች ነው። ለቱሉ ዲምቱ፣ ለኮዬ ፈጬ፣ ለገላን፣ ለአያት፣ ለጀሞ። የቦሌ ካፌ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ሳንዱች ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። በሩ ላይ የድንች መጥበሻ፣ ውስጥ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የሳንዱች ማሽን። መጥበሻው ላይ የቆመው ልጅ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን "ሼፍ" ነው። ሜኑው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ዋጋው ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወረቀት። ለዚህ ነው እዚህ ብር የማልጠቅሰው፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይሻራል። ደረጃው ግን ብዙም አይለወጥም። እርጥብ ከታች ነው። እንቁላል ይከተለዋል። ቱና መሐል ላይ ነው። ዶሮና ሥጋ ከፍ ይላሉ፤ ክለብ አናት ላይ ይቀመጣል። "ስፔሻል" የሚባለው በየቤቱ ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ገባበት ማለት ነው። ተሻለ ማለት ግን አይደለም።

ዳቦው ይቅደም

ሦስት ዓይነት ዳቦ ታገኛላችሁ። ፉርኖ፣ ስላይስ ዳቦ እና የበርገር ዳቦ። አንዳንድ ቤት ረጅሙንም ያስቀምጣል።

የእኔ ድምፅ ለፉርኖ ነው። ውስጡ የቲማቲሙን ውሃና የእንቁላሉን ዘይት ይጠጣል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ይይዘዋል። ስላይስ ዳቦ ይህ አቅም የለውም። ሳይጠበስ ከቀረበላችሁ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ መሐሉ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሁለቱም ገጹ ከተጠበሰ ግን የደረቀው ገጽ እርጥበቱን ለጥቂት ጊዜ ያቆምለታል፤ ስለዚህ ስላይስ ካላችሁ "በደንብ ይጠበስ" ማለት አትርሱ። የበርገር ዳቦ ጣፈጥ ይላል። ለሥጋና ለዶሮ ይሄዳል፤ ለቱና አይሄድም። ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ።

ረጅሙ ዳቦ ልጆቹ በስልክ ያዩት የአሜሪካው "ሰብ" ዓይነት ነው። እዚያ ያስለመዱት የጣሊያን ስደተኞች ናቸው። ሰብዌይ የተባለው ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1965 በኮኔቲከት ግዛት ብሪጅፖርት ከተማ በአንዲት ሱቅ ነው የጀመረው። ከእነሱ ብንወስድ ደስ የሚለኝ የዳቦውን ርዝመት ሳይሆን ሳንዱቹን ደንበኛው ፊት መሥራታቸውን ነው። ሰፈራችሁ ሁለት ሳንዱች ቤት ካለና መምረጥ ካቃታችሁ፣ ዓይናችሁ እያየ ወደሚሠራው ሂዱ። ከመጋረጃ ጀርባ የተሠራ ሳንዱች ውስጥ የትናንት ሰላጣ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

ዳቦው የመቼ እንደሆነም ጠይቁ። በጣም ትኩስ ዳቦ ለሳንዱች ጥሩ ይመስላል፤ አይደለም። እንፋሎቱ ሳይወጣ የተቆረጠ ዳቦ ይጨፈለቃል፤ መሐሉም ይጣበቃል። ጠዋት ወጥቶ ቀዝቀዝ ያለው ይሻላል። የትናንቱ እንኳን ማሽን ውስጥ ገብቶ ከሞቀ ነፍስ ይዘራል። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው አልቆ ብቻ አይደለምና። ውስጡ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ ስለሚጠነክርም ነው፤ ሙቀት ይህንን ለጊዜው ይፈታዋል። ይህ መጠንከር ፍሪጅ ውስጥ ይፈጥናል። ስለዚህ ዳቦውን ከፍሪጅ አውጥቶ ሳያሞቅ የሚሠራ ሼፍ ካያችሁ፣ መሐሉ ምንም ቢሆን አያድነውም።

ዝቅ ባለ ዋጋ፦ እርጥብ እና እንቁላል

እርጥብ የተማሪ ምግብ ነው ይባላል። ይባል እንጂ ረዳቱም፣ ግንበኛውም፣ የባንክ ሠራተኛዋም ይበሉታል። ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ካቻፕ። ከዚያ ዳጣ ወይም ሚጥሚጣ እንደ አቅማችሁ። በዚህ ዋጋ ሆድ የሚይዝ ሌላ ነገር ሰፈር ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ችግሩ ዕድሜው አጭር ነው። ድንቹ ዳቦ ውስጥ ሲዘጋበት የራሱ እንፋሎት ያለሰልሰዋል፤ የቲማቲሙ ውሃ ይጨመርበታል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሽ የነበረው ድንች ገንፎ ይሆናል። እርጥብ ቆሞ የሚበላ ምግብ ነው። ቤት ይዞ መሄድ አያምርበትም። ግድ ከሆነ ድንቹን በወረቀት ለብቻው አስጠቅልሉትና ቤት ገብታችሁ ዳቦው ውስጥ ክተቱት።

እርጥብ ስትመርጡ ዳቦውን ትታችሁ ዘይቱን ተመልከቱ። የጠቆረ፣ ገና ድንች ሳይገባበት የሚጨስ፣ አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ዘይት ብዙ የሠራ ዘይት ነው። ሌላው ነገር ዘይቱ የሚረጋው ነው ወይስ ፈሳሹ? የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም የፓልሙ፣ ድንቹን አሳምሮ ይጠብሳል፤ ትኩስ እያለ ልዩነቱን ማንም አያውቅም። የአዲስ አበባ ብርድ ሲያገኘው ግን መልሶ ይረጋል። የቀዘቀዘ እርጥብ በልታችሁ ላንቃችሁ ላይ የሚለጠፍ ነገር ከተሰማችሁ እሱ ነው። በክረምት ጠዋት ይብሳል። ፈሳሽ ዘይት በሚጠቀም ቤት የተሠራ እርጥብ ትንሽ መቆየት ይችላል። በሚረጋው የተሠራውን እዚያው ጨርሱት።

እንቁላል ሳንዱች ከእርጥብ ትንሽ ወጣ ይላል፤ ግን ፕሮቲን አለው። ጠዋት ለሥራ ለሚሮጥ ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። በሦስት መልክ ይሠራል። ተመቶ በቃሪያና በሽንኩርት የተጠበሰው፣ በቲማቲም የተፈረፈረው እና ቅቅሉ። እዚያው ለሚበላ የተፈረፈረው ይጣፍጣል። ሚኒባስ ውስጥ ለሚበላ ያለ ቲማቲም የተጠበሰው ይሻላል፤ አንድ ወጥ ስለሆነ ጭን ላይ አይንጠባጠብም። ጎን ላይ የተቀመጡትን ሰዎችም አስቡ እንጂ፤ ሽንኩርቱ ይቀነስ።

ቅቅሉን የምመክረው ቤቱን ለምታውቁት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንቁላሉ ከቆላው ይልቅ ጥቂት ደቂቃ መጨመር አለበት። የቸኮለ ሼፍ ይህን ደቂቃ አይሰጠውም፤ አስኳሉ መሐል ላይ ፈሶ ዳቦውን ያበላሸዋል።

ቱና

እዚህ ላይ ገለልተኛ አይደለሁም። ከሰፈር ሳንዱች ቤት አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቱና በፉርኖ ነው። ያለ ማዮኔዝ፣ በሎሚ፣ ቃሪያ በዝቶበት፣ ዳቦው ማሽን ውስጥ ተጨምቆ ቅርፊቱ እስኪሰነጣጠቅ ሞቆ። ሻይ በሎሚ ከጎኑ።

ምክንያቴ ጣዕሙ ብቻ አይደለም። ቱና ከቆርቆሮ ስለሚወጣ እስኪከፈት ድረስ መብራት ቢጠፋም አይጎዳም። በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋበትን ቀን አስቡት። ፍሪጁ ውስጥ ያለው ዶሮ ስንት ሰዓት ያለ ቅዝቃዜ እንደቆየ ሼፉም በትክክል አያውቅም። ቆርቆሮው ግን ፊታችሁ ይከፈታል። መብራት በጠፋበት ቀን ቱና ማዘዝ የጣዕም ሳይሆን የጥንቃቄ ጉዳይ ነው።

ደግሞ አብሮ ለመብላት ይመቻል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ የሥጋ ሳንዱች ጥያቄ ያመጣል፤ ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ ነው? ቱና ላይ ይህ ጥያቄ የለም። አንድ ረጅም ዳቦ ለሁለት አስቆርጦ መካፈል ነው።

የቱና ሳንዱች ጥራት የሚለየው ሼፉ ዘይቱን ማንጠፍጠፉ ላይ ነው። አብዛኛው የቆርቆሮ ቱና በዘይት ይታሸጋል። ዘይቱን ሳያንጠፈጥፍ እንዳለ የሚገለብጠው ቤት ዳቦውን ያረጥበዋል፤ ሎሚውም አይሰማም። ስታዝዙ "ዘይቱ በደንብ ይንጠፍጠፍ፣ ሎሚ ይጨመቅበት" በሉ። ሼፉ በዚህ አይቀየምም፤ ቱና የሚያውቅ ሰው መጣ ብሎ ደስ ይለዋል።

ማዮኔዝ? የሚወዱት አሉ፤ ደረቅ ቱናን ያለሰልሳል። እኔ ግን ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛ፣ ብዙ ቤት ማዮኔዝ የሚያበዛው የቱናውን ማነስ ለመሸፈን ነው። ዳቦውን ገልጣችሁ እዩት፤ ነጭ ብቻ ከሆነ የበላችሁት ማዮኔዝ ነው። ሁለተኛ፣ ጠዋት በትልቅ ሳህን የተለወሰ ቱና በማዮኔዝ ከሰዓት ድረስ ከፍሪጅ ውጭ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። የበሰለ ወይም የተከፈተ እንዲህ ያለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዲቆይ አይመከርም። የተለወሰ ቱና ጠረጴዛ ላይ ካያችሁ "አዲስ ይከፈትልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

ደመወዝ የገባ ሰሞን፦ ዶሮ፣ ሥጋ፣ ክለብ

ክለብ ሳንዱች ፎቶ ላይ ያምራል። ሦስት ፎቅ የተጠበሰ ስላይስ ዳቦ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ማዮኔዝ፣ በስንጥር ተወግቶ፣ ድንች ተከቦ። ፈረንጆቹ ቤከን ያስገቡበታል። እኛ ዘንድ የአሳማ ሥጋ ስለማይበላ በቦታው እንቁላሉ ይበዛል፣ ወይም የበሬ ሞርቶዴላ ይገባል። ለሁለት ሰው በቂ ነው። ለአንድ ሰው ግን ገንዘቡ ሦስተኛው ዳቦ ላይ ነው የሚባክነው። ክለብን የምመርጠው ሁለት ሆኜ፣ እዚያው ተቀምጬ፣ ድንቹም ሳህን ላይ ከመጣ ብቻ ነው። በቴክአዌይ ክለብ ማዘዝ ግን አይገባኝም። ፎቁ መንገድ ላይ ይናዳል።

ዶሮ ሳንዱች ላይ አንድ ጥያቄ ይበቃል። "ዶሮው አሁን ነው የሚጠበሰው ወይስ የተዘጋጀ ነው?" አሁን ከሆነ ጠብቁት። ዶሮ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ወፍራም ቁራጭ ላይ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ቀድሞ የተጠበሰ ከሆነ ደግሞ ተቆራርጦ እንደገና ምጣድ ላይ ይሙቅ። ለብ ያለ ዶሮ መልሱልኝ በሉ። መብራት ጠፍቶ በዋለበት ቀን ዶሮን ጭራሽ እለፉት።

የሥጋ ሳንዱች የሚያበላሸው አቆራረጡ ነው። ሥጋው በጭረቱ፣ ማለትም ክሮቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ ከተቆረጠ መጀመሪያ ስትነክሱ ሙሉው ይከተላችሁና ባዶ ዳቦ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ጭረቱን አቋርጦ በስሱ የሚቆርጥ ሼፍ ካገኛችሁ ስሙን ጠይቁና ደንበኛው ሁኑ። ከቀናቱ ቅዳሜን እመርጣለሁ። ረቡዕና ዓርብ ልኳንዳው ይቀዘቅዛል፤ በነዚያ ቀናት የሚቀርበው ሥጋ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው። ቅዳሜ ግን አዲስ ይገባል።

ጾም ሲሆን

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብም አለ። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የጾም ሳንዱች ዋናው ሳንዱች ነው። ምርጫው እርጥብ፣ አቮካዶ፣ የአትክልት ሳንዱች፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ፈላፈል ወይም የምስር በርገር ነው።

አቮካዶ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ግን እሱም ጊዜ አይሰጥም። ከተቆረጠ በኋላ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ሎሚ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ሰዎች ይህን አስቡ። በምሳ ሰዓት የተፈጨው አቮካዶ እናንተ ስትደርሱ ቡናማ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ። ሙሉው ፍሬ ፊታችሁ ይቆረጥ። ከፈላፈል ጋር ካወዳደርኩት፣ ወዲያው ለሚበላ አቮካዶ፣ ለሚወስድ ፈላፈል። የሽምብራው ጥብስ ቢቀዘቅዝም ይበላል። የአትክልት ሳንዱች የተቀቀለ ካሮትና ጎመን ከሆነ ግን እቤታችሁ ብሉት፤ ገንዘብ አይገባውም።

አጥብቃችሁ ለምትጾሙ ሦስት ነገር ልጠቁም። ማዮኔዝ እንቁላል አለው፤ የጾም የሚባለው ካልሆነ በቀር። የበርገር ዳቦ ላዩ የሚያብለጨልጨው ብዙ ጊዜ እንቁላል ተቀብቶ ነው፤ ሊጡም ውስጥ ወተት ሊኖር ይችላል። ፉርኖ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነፃ ነው። ሦስተኛው ዘይቱ ነው። በሁዳዴ ብዙው ቤት ወደ ጾም ስለሚዞር አያስጨንቅም። በተራ ረቡዕ ግን ድንቹና ዶሮው አንድ መጥበሻ ውስጥ ይገናኛሉ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ዘይቱ የጾም ነው?" ማለት ምንም አይከብድም። ቱና በጾም ይበላል ወይ የሚለውን ለአባቶች ትቻለሁ።

ይዞ ለሚሄድ

ትኩስ ሳንዱች ፌስታል ውስጥ ገብቶ ሲቋጠር ያልበዋል። ላቡ መልሶ ዳቦው ላይ ይወርዳል። በወረቀት ይጠቅለል፤ ፌስታሉ የግድ ከሆነ አፉ ክፍት ይሁን። ካቻፑና ዳጣው ለብቻው። ቲማቲም ጨው ሲነካው ውሃውን ስለሚለቅ ቤት እስክትደርሱ ጨው አይነስነስበት። ለልጆች ከሆነ እንቁላል በስላይስ ዳቦ፣ በደንብ ተጠብሶ፣ ለአራት ተቆርጦ። ሚጥሚጣ የነካ ቢላዋ መሆኑን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ አለበለዚያ እሪታውን እናንተ ናችሁ የምትሰሙት።

ለመንገደኛ ሌላ ስሌት አለ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው የሚጀምረው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ድሮው መንገድ ባሻችሁ ቦታ ዳር ይዛችሁ አትቆሙም። ስለዚህ ክፍያ ጣቢያው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ያዙ። አዳማ ድረስ ለሚሄድ ቱና በፉርኖ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ያለ ማዮኔዝና ያለ ቲማቲም፣ በወረቀት። ሹፌሩ በአንድ እጁ የሚበላው ነገር አታምጡለት፤ ደርሶ ይብላ። ቢሾፍቱ ላይ ለምትወርዱ የተጠበሰ እንቁላልም ይቆያል።

ከአዳማ አልፋችሁ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ከሆነ ግን ሳንዱቹን እርሱት። ሙቀቱ አይምረውም። ፉርኖ ዳቦ፣ ያልተከፈተ የቱና ቆርቆሮ፣ ሁለት ሎሚ፣ ጥቂት ቃሪያ ያዙና ጥላ ያለበት ቦታ ራሳችሁ ሥሩት። የቆርቆሮ መክፈቻ ሳትይዙ እንዳትወጡ፤ ሁሉም ቆርቆሮ ቀለበት የለውም።